በሰማይ ያለች ላም

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል የሀገራችን ሰው። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ብኖርም፣ ትርጉሙ በውል የገባኝ ባንክ ቤት ተቀጥሬ የብድር መጠየቂያ ፋይል ማገላበጥ ከጀመርሁ በኋላ ነው። አንድ ቀን አንድ ልብስ ነጋዴ የሂሳብ ደብተሩን ይዞ ወደ መስኮቴ መጣ። ደብተሩ የያዘው የአንድ ወር ሽያጭ ብቻ ነበር፤ እሱም የአዲስ ዓመት ሰሞን። ነጋዴው ያንን ገቢ በአሥራ ሁለት አባዝቶ፣ «የዓመት ገቢዬ ይህን ያህል ነው» ሲል በሙሉ ልብ ነገረኝ። ሰውየው አልዋሸም፤ የጻፈውን ሁሉ በእርግጥ ሽጧል። ስሕተቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ከወራቱ ሁሉ ያማረውን ወር እንደ ዘወትር ወር ቆጠረው።

ያን ዕለት ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ በሐሳቤ ይመላለስብኝ የነበረው በልጅነቴ የወደድሁት አንድ የእንግሊዝ እግር ኳስ ክለብ ነበር፤ ሊድስ ዩናይትድ። ግጥምና ወግ በሚነበብበት ቦታ ስለ ኳስ ማውራቴ ለአንዳንድ አንባቢ ግር ሊለው ይችል ይሆናል። ነገር ግን ልተርከው የፈለግሁት ሰዎች ተስፋቸውን እንዴት እንደሚያስይዙና የተያዘባቸውን ተስፋ እንዴት እንደሚዋጁ ነው። ለዚህም ሁለት ክለቦችን መርጫለሁ፤ አንዱ ከእንግሊዝ፣ አንዱ ከጀርመን። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ሊድስ በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር የምትገኝ፣ በቀድሞው ዘመን በሱፍና በጨርቅ ፋብሪካዎቿ የታወቀች ከተማ ናት። ክለቧ ፕሪሚየር ሊግ ከመመሥረቱ በፊት የተካሄደውን የመጨረሻውን የእንግሊዝ ሊግ ዋንጫ በ1992 ወስዷል። በዘጠናዎቹ መጨረሻም በአሠልጣኙ በዴቪድ ኦሊሪ እጅ ሌላ ወጣት ቡድን በቀለ። ሃሪ ኪዌል፣ አላን ስሚዝና ጆናታን ውድጌት ከክለቡ የራሱ የታዳጊ ማሠልጠኛ የወጡ ነበሩ፤ አምበሉም የሶዌቶው ልጅ ደቡብ አፍሪካዊው ሉካስ ራዴቤ ነበር። ቡድኑ በ2000 ሊጉን በሦስተኛነት ጨረሰ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሪዮ ፈርዲናንድን በ18 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ፤ ይህም ለአንድ ተከላካይ እስከዚያ ዘመን ያልተከፈለ ዋጋ ነበር። በግንቦት 2001 ደግሞ በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰ።

ያን ጨዋታ አስታውሰዋለሁ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ዲሽ ባለው የሰፈራችን ቤት፣ ከሰው ትከሻ መካከል አንገቴን አስግጌ፣ የሊድስ ልጆች በስፔን ምድር በቫሌንሲያ 3 ለ 0 ሲሸነፉ አየሁ። አልቅሼ ወጣሁ። ታላቅ ወንድሜ፣ «አይዞህ፣ ልጆች ናቸው፤ በሚመጣው ዓመት ይወስዱታል» ብሎ አጽናናኝ። እኔም አመንሁ። በሊድስ ከተማ የክለቡን መዝገብ ይዘው የተቀመጡት ሰዎችም ልክ እንደ እኔ አምነው ነበር። ልዩነታችን እኔ ያመንሁት በእንባዬ ሲሆን፣ እነርሱ ያመኑት በብድር ነው።

በዚያ ዘመን እንግሊዝ ለሻምፒዮንስ ሊግ የምታሳልፈው ሦስት ክለቦችን ነበር። ሊድስ በ2001 ሊጉን በአራተኛነት ጨረሰ፤ ከሦስተኛው ከሊቨርፑል ያነሰው በአንድ ነጥብ ብቻ ነው። የክለቡ በጀት ግን ያ ነጥብ እንደሚገኝ ታምኖ የተሠራ ነበር። በሊቀመንበሩ በፒተር ሪድስዴል ዘመን፣ በዚያው በ2001፣ ክለቡ 60 ሚሊዮን ፓውንድ ተበደረ። መያዣው ምን ነበር? ለወደፊቱ ከሚሸጥ የስታዲየም መግቢያ ትኬት የሚገኝ ገቢ! መክፈያውም ለሃያ አምስት ዓመታት ተዘረጋ። ውድ አንባቢ፣ ይህን በባንክ ሠራተኛ ዓይን ላሳይህ። በዚያን ጊዜ ገና ያልተወለዱ ሕፃናት አድገው፣ ሥራ ይዘው፣ ከደመወዛቸው ቆጥበው የሚገዙት ትኬት ሳይቀር አስቀድሞ ለአበዳሪ ተሰጥቶ ነበር። በሰማይ ያለችው ላም ታልባ፣ ወተቷ ተሽጦ፣ ገንዘቡ ለተጫዋች ዝውውርና ደመወዝ ወጥቶ አለቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ማንኛውም ዕዳ ያለበት ቤት የሚያውቀው ነው። በ2002 ቡድኑ አምስተኛ ወጣ፤ የሻምፒዮንስ ሊጉ ገንዘብ ዳግመኛ ቀረ። በዚያው በጋ ፈርዲናንድ ለጎረቤት ባላጋራው ለማንቸስተር ዩናይትድ 30 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ። በጥር 2003 ውድጌት ሄደ። ሮቢ ፋውለርም ወደ ማንቸስተር ሲቲ ሲሸጥ፣ ሻጩ ሊድስ ከደመወዙ ከፊሉን መክፈሉን ቀጠለ። አንድ ሰው በሬውን ሸጦ ለገዢው ገለባ ሲያቀርብ እንደ ማለት ነው። በግንቦት 2004፣ ከቫሌንሲያው ሌሊት ሦስት ዓመት በኋላ፣ ሊድስ ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ። በዚያው ዓመት ስታዲየሙን ኤላንድ ሮድን ሸጦ በገዛ ቤቱ ተከራይ ሆነ። በ2007 ዕዳውን መክፈል ተስኖት በኪሳራ አስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ፤ ወደ ሦስተኛው እርከንም ወረደ።

ክለቡ ከተንኮታኮተ በኋላ በከተማው የሁሉም መሳለቂያ የሆነ አንድ ነገር ነበር፤ ለሊቀመንበሩ ቢሮ ማስጌጫ ተብሎ በወር 20 ፓውንድ ገደማ ኪራይ ይከፈልባቸው የነበሩ ወርቃማ ዓሦች። ሰው ሁሉ ዓሦቹን እያነሣ ሣቀ፣ ተናደደ። እኔ ግን የሙያዬ ነገር ሆኖ አሰላሁት። በ60 ሚሊዮን ፓውንድ እነዚያን ዓሦች ለሩብ ሚሊዮን ዓመት መከራየት ይቻላል። ሊድስን ዓሣ አልገደለውም። ዓሣው ላይ ያተኮርነው ለማየት ስለሚቀልል ይመስለኛል፤ ከበስተጀርባው ያለውን ማየት እኛንም ይነካናልና። ፈርዲናንድ ሲገዛ በደስታ ከዘለሉት አንዱ እኔ ነበርሁ። «ገንዘቡን ከየት አመጡት?» ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ደጋፊ አይጠይቅም፤ ደጋፊ ይጠብቃል። የደጋፊ ጥበቃ ደግሞ ለክለብ አመራር እንደ አበዳሪ ደጅ መቆም ነው፤ ወለድ ይቆጥራል። ዘንድሮ ግማሽ ፍጻሜ ካየ ለከርሞ ፍጻሜ ይሻል፤ ፍጻሜ ካየ ዋንጫ ይሻል።

አሁን ወደ ጀርመን ልሻገር፤ ምክንያቱም ተመሳሳይ በሽታ የያዘው ሌላ ክለብ በዚያ አለ፤ ከበሽታው የተነሣበት መንገድም ሊነገር የሚገባው ነው። ዶርትሙንድ በሩር ሸለቆ የምትገኝ፣ ከድንጋይ ከሰል፣ ከብረትና ከቢራ ሥራ ጋር ያደገች የሠራተኞች ከተማ ናት። በ1909 የተመሠረተው ክለቧ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ በ1997 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። በ2000 አክሲዮኑን በ11 ዩሮ ሂሳብ ለሕዝብ በመሸጥ በጀርመን አክሲዮን ገበያ የገባ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ። የተገኘው ገንዘብ ወደ ተጫዋች ግዢ ፈሰሰ፤ ለብራዚላዊው አጥቂ ለማርሲዮ አሞሮሶ ብቻ 25 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ወጣ። በ2002 የቡንደስሊጋውን ዋንጫ አነሡ። በዚያው ዓመት ግን ስታዲየማቸውን ለአንድ የሪል ስቴት ፈንድ ሸጠው መልሰው ተከራዩት። ዋንጫና የቤት ሽያጭ ውል በአንድ ዓመት በአንድ ቤት ገቡ፤ በአደባባይ የታየው ዋንጫው ነበር።

በነሐሴ 2003 ዶርትሙንድ በሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ በቤልጂጉ ክለብ ብሩዥ በመለያ ምት ተሸነፈ። በጥቂት የመለያ ምቶች የዓመቱ በጀት ተናደ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ በሊድስ አንድ ነጥብ፣ በዶርትሙንድ ጥቂት የመለያ ምቶች። ጥፋቱ ግን የነጥቡም፣ የመቺዎቹም አልነበረም። ቤቱ ሲሠራ በአንዲት ምሰሶ ብቻ እንዲቆም ከተደረገ፣ ምሰሶዋን የነካት ነፋስ ተጠያቂ ሊሆን አይችልም። ተጫዋቾቹ ከደመወዛቸው 20 በመቶ ተቀነሰባቸው። ዕዳው ከ100 ሚሊዮን ዩሮ አለፈ። ዋነኛ ባላጋራቸው ባየርን ሙኒክ በዚያ የጭንቅ ወራት 2 ሚሊዮን ዩሮ ያለ መያዣ እንዳበደራቸው ከዓመታት በኋላ፣ በ2012፣ ከባየርኑ ከኡሊ ሄነስ አንደበት ተሰማ። ብድሩም ተመልሷል። «ያለ መያዣ» የሚለውን ቃል በሥራዬ ሳገኘው ዛሬም ያን ታሪክ ያስታውሰኛል።

ለረጅም ዘመን የክለቡ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጌርድ ኒባውም ከሥልጣን ወረዱ። ራይንሃርድ ራውባል ፕሬዚዳንት፣ ሃንስ ዮአኪም ቫትስከ ደግሞ ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። የክለቡ ዕጣ የተቆረጠው ግን በኳስ ሜዳ አይደለም። መጋቢት 14 ቀን 2005 በዱሰልዶርፍ አውሮፕላን ማረፊያ በሚገኝ አዳራሽ፣ ስታዲየሙን የገዛው ፈንድ ባለ ድርሻዎች ተሰበሰቡ። ብዙዎቹ ቁጠባቸውን ያዋሉ ተራ ሰዎች ነበሩ። የክለቡን የማዳኛ ዕቅድ ቢቀበሉ ኪራያቸው ይዘገያል፤ ባይቀበሉ ክለቡ ይፈርሳል። ከተሰጠው ድምፅ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ዕቅዱን ደገፈ። ያን ቀን ዶርትሙንድ ምንም ዋንጫ አላነሣም፤ በማግስቱም ክለብ ሆኖ ዋለ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በእግር ኳስ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ገጽ አይሰጣቸውም፤ እኔን የሚማርኩኝ ግን እነርሱ ናቸው። በ2005 ሰባተኛ፣ በ2006 ዳግመኛ ሰባተኛ፣ በ2007 ዘጠነኛ፣ በ2008 አሥራ ሦስተኛ። ከአሥር ዓመት በፊት የአውሮፓን ዋንጫ ላነሣ ክለብ ይህ ውርደት ሊባል ይችል ነበር። የስታዲየሙ ስም እንኳ ለኢንሹራንስ ኩባንያ ተሸጠ። በዚህ ሁሉ ግን ደጋፊው አልቀረም። አሥራ ሦስተኛ በወጡበት ዓመት ሳይቀር ለአንድ የሊግ ጨዋታ በአማካይ ከ70 ሺህ በላይ ሰው ይገባ ነበር። ቢጫው ግንብ በሚባለው የደቡብ መቆሚያ ላይ ብቻ 25 ሺህ ያህል ሰው ቆሞ ይዘምራል።

እነዚህ ሰዎች ምን ይጠብቁ ነበር? ዋንጫ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። የጠበቁት ነገር መጠን በግንቦት 2007 በአንድ ጨዋታ ታየ። ዶርትሙንድ በዚያ ዓመት እስከ መውረድ ስጋት ደርሶ ነበር፤ ጎረቤቱና ደመኛው ሻልከ ደግሞ ከ1958 ወዲህ ያላገኘውን የሊግ ዋንጫ ሊጨብጥ ተቃርቦ ወደ ዶርትሙንድ መጣ። ዶርትሙንድ 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ዋንጫው ከሻልከ እጅ አምልጦ ወደ ሽቱትጋርት ሄደ። ዘጠነኛ የወጣ ክለብ ደጋፊዎች እንደ ሻምፒዮን ጨፈሩ። ይህ የምቀኝነት ደስታ ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ ትንሽም እውነት አለው። እኔ ግን በውስጡ ሌላ ነገር አያለሁ። ድሃ የሆነ ቤት የበዓሉን ድግስ ባይደግስ እንኳ ቡና አፍልቶ ጎረቤት ይጠራል። ደስታን በዋንጫ ብቻ መለካት ያቆመ ሰው ደስታ አያጣም።

በ2008 የርገን ክሎፕ የሚባል አሠልጣኝ ከማይንትስ መጣ። የተሰጠው ገንዘብ ሳይሆን ወጣቶችና ጊዜ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ስድስተኛ፣ በሁለተኛው አምስተኛ ወጣ። ሺንጂ ካጋዋ በ2010 ከጃፓን የመጣው በ350 ሺህ ዩሮ ብቻ ነው፤ በአሞሮሶ ዋጋ ሰባ አንድ ካጋዋ ይገዛ ነበር። ማሪዮ ገትሰና ኑሪ ሻሂን ከክለቡ ማሠልጠኛ የወጡ ነበሩ። በ2011 ይህ የልጆች ቡድን የቡንደስሊጋ ዋንጫን አነሣ፤ በ2012 ደገመው፤ በ2013 በዌምብሊ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ደርሶ በባየርን 2 ለ 1 ተሸነፈ።

ወጌን እዚህ ባቆመው ያማረ ስብከት ይሆንልኝ ነበር፤ «የታገሠ ከበረ» ብዬ ባለፍሁ። ይሁን እንጂ ሊድስ ይህን እንዳልል ይከለክለኛል። የሊድስ ደጋፊዎችም ታግሠዋልና። በ2007 በሦስተኛው እርከን ሲጀምሩ ከኪሳራው አወጣጥ ጋር በተያያዘ 15 ነጥብ ተቀንሶባቸው ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሰባት የሊግ ጨዋታዎች በተከታታይ አሸነፉ። ነጥቡ ባይቀነስባቸው ኖሮ ሁለተኛ ሆነው በቀጥታ ያድጉ ነበር፤ ስለተቀነሰ ግን አምስተኛ ወጡ፤ በማለፊያው ፍጻሜም በዶንካስተር 1 ለ 0 ተሸነፉ። በዚያ እርከን ሦስት ዓመት ቆዩ። ወደ ፕሪሚየር ሊግ የተመለሱት በ2020 ነው፤ ከወረዱ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ! በ2004 ጡት ይጠባ የነበረ ልጅ ጢም አብቅሏል። ስታዲየማቸውን መልሰው የገዙት በ2017 ነው። ከዚያም በ2023 እንደገና ወርደው በ2025 ተመልሰዋል።

ስለዚህ ልክን ማወቅ ዋንጫ የሚያስገኝ ሌላ ዓይነት ብልሃት ነው ማለት አልችልም። እንዲያ ካልሁ እኔም ያችን የሰማይ ላም በሌላ ገመድ መጎተቴ ነው። ትዕግሥት ክሎፕን ሊያመጣ ይችላል፤ ላያመጣም ይችላል። በጥር 2010 ግን አንድ ነገር ሆነ። የሦስተኛው እርከን ሊድስ ለኤፍ ኤ ካፕ ወደ ኦልድ ትራፎርድ ሄዶ ማንቸስተር ዩናይትድን በገዛ ሜዳው በጀርሜይን ቤክፎርድ ግብ 1 ለ 0 አሸነፈ። ዜናውን ስሰማ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ በውስጤ ብድግ አለ። በዚያ ቀን ሊድስ ከግማሽ ፍጻሜው ሊድስ በገንዘብም በተጫዋችም በብዙ ያነሰ ነበር። እኔ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በክለቡ እንደዚያ ቀን የኮራሁበትን አላስታውስም። ደስታው የማንም መያዣ አልነበረም።

በችግር ላይ ያለ ክለብ ደጋፊ ምን ሊጠብቅ ይገባዋል? እኔ ከሁለቱ ታሪኮች የተማርሁት ይህን ነው። አንደኛ፣ ክለቡ ለከርሞም እንዲኖር፤ ይህ ትንሽ ጥያቄ ይመስላል እንጂ በዱሰልዶርፉ አዳራሽ የነበሩ ሰዎች ትልቅነቱን ያውቁታል። ሁለተኛ፣ ለሠራተኛውና ለተጫዋቹ ቃል የተገባው ደመወዝ በወሩ እንዲከፈል። ሦስተኛ፣ ለወጣቶች ጊዜ እንዲሰጥ፤ በአንድ ስሕተት እንዳይወገዙ። ከዋንጫው ተስፋ ዝቅ ማለት ግን ከጥያቄ ዝቅ ማለት እንዳይሆን። በመከራ ጊዜ ደጋፊ ከአጥቂው የሚጠብቀውን ይቀንስ፤ ከሂሳብ ሹሙ የሚጠብቀውን ግን ከፍ ያድርግ። «ገንዘቡ ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ተጫዋች በተገዛ ቀን፣ በጭብጨባው መካከል የሚጠየቅ እንጂ ቤቱ ከተሸጠ በኋላ የሚነሣ አይደለም። እኔ በልጅነቴ ያልጠየቅሁት ያንን ነው።

ወደ ነጋዴው ልመለስ። «የሐምሌንና የነሐሴን ደብተር ያምጡልኝ» አልሁት። ቅር አለው። «ሐምሌማ ዝናብ ነው፤ ምን ሽያጭ አለና ነው!» አለኝ። «እኔም ማየት የምፈልገው እሱን ነው፤ ብድሩ በሐምሌም ይከፈላልና» ብዬ መለስሁለት። ከብዙ ምልልስ በኋላ ደብተሩን አመጣ። በክረምቱ ገቢ ልክ ተሰልቶ የተፈቀደለት ብድር ከጠየቀው ግማሽ አይሞላም ነበር። ፈርሞ ሲወጣ ፊቱ አልተፈታም፤ እኔም የሰው ተስፋ የቀነስሁ ያህል ተሰምቶኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ሳይለኝ ዋልሁ።

ሱቁ ወደ ቤቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አምና በሐምሌ፣ ዝናቡ መንገዱን እንደ ወንዝ ሲያጥበው በዚያ አለፍሁ። ሱቁ አልሰፋም፤ ያው ጠባቡ ክፍል ነው። በሩ ግን ክፍት ነበር፤ ሰውየውም ከውስጥ መብራት አብርቶ ተቀምጧል።